ዐየሁ ባይና ሰማሁ ባይ

የጥንት ክርስቲያኖች ታሪክ በተነሣ ቍጥር እኛ ተማሪዎች ወዲያውኑ ለሁለት እንከፈላለን። አንደኛው ወገን «ይህን መጠየቅ ራሱ ድፍረት ነው፤ አባቶቻችን ከነገሩን ወዲያ ምን ማስረጃ ያሻል?» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ይህ ሁሉ መነኵሴ ተቀምጦ የደረሰው ተረት ነው» ብሎ ይሥቃል። ዘንድሮ በክርክር ክበባችን ይኸው ነገር ተነሥቶ ብዙ ተጮኸ፤ ብዙም ተጨበጨበ። ከተከራካሪዎቹ ሁሉ «ይህን የጻፈው ማን ነው? በስንተኛው ዓመት ጻፈው? ከማንስ ሰማው?» ብሎ የጠየቀ አንድ ልጅ ብቻ ነበር። እርሱም መልስ በማግኘት ፈንታ ሳምንቱን ሙሉ «መናፍቁ» እየተባለ ሲጠራ ሰነበተ።

እኔ በበኩሌ የልጁ ጥያቄ ተገቢ ነበር እላለሁ። እንዲያውም ሃይማኖቱን የሚወድ ሰው ከሌላው ይልቅ አጥብቆ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ነው። ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ነገርም አይደለም።

ኮምቦልቻ የሚኖሩት አያቴ በሽምግልና ተቀምጠው ብዙ ነገር የቈረጡ ሰው ናቸው። ይህን ክርክር ባጫውታቸው ጊዜ «ልጄ፥ ዳኛ ፊት ዐየሁ ባይና ሰማሁ ባይ መቼ እኩል ቆመው ያውቃሉ?» አሉኝ። «ሰማሁ ያለውን ‹ከማን?› ትለዋለህ። ስም ከጠራ ይቀጥላል፤ ‹ከሰው› ካለ ይቀመጣል።» እኔም «አባባ፥ አራት ሰዎች ቢመጡና አራቱም የሰሙት ከአንድ ሰው ቢሆንስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እንግዲያማ ምስክሩ አንድ ነው፤ አፉ አራት ቢሆን ምን ሊረባህ?» አሉኝ።

ከኮምቦልቻ መጥቶ እዚህ ደሴ ከእኔ ጋራ የሚማር አንድ ሙስሊም ጓደኛዬም ይህን ስነግረው «እኛ ዘንድ እኮ ይህ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው» አለኝ። ሐዲስ የሚያስተምሩ ዑለማዎች ከቃሉ አስቀድመው የነጋሪዎቹን ሰንሰለት ይቈጥራሉ፤ ይህም ኢስናድ ይባላል። እገሌ ከእገሌ ሰማ፥ እገሌም ከእገሌ ሰማ እያሉ ወደ ላይ ይወጣሉ። ከመካከል አንዱ ውሸታም ሆኖ ከተገኘ፥ ወይም ሰማሁ ከሚለው ሰው ጋራ በዘመን የማይገናኝ ከሆነ ሰንሰለቱ ይላላል። እንግዲህ በወሎ ምድር የክርስቲያኑም ሽማግሌ የሙስሊሙም ሼኽ የሚያውቀው ጥያቄ፥ ተማሪ ሲጠይቀው ክሕደት የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ርቀት ወሬን ምን እንደሚያደርገው ሁላችንም እናውቃለን። በሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ አንድ የጭነት መኪና ቢገለበጥ፥ ኮምቦልቻ «ሾፌሩ እጁን ተሰበረ» የተባለው ወሬ ደሴ ፒያሳ ሲደርስ ሦስት ሰው ይገድላል፤ ሐይቅ ሲደርስማ መኪናው አውቶቡስ ሆኗል። በጥቂት ኪሎ ሜትር እንዲህ የሆነ ወሬ በሺህ ዓመት ምን ይሆን?

አሁን አንድ ታላቅ ሰው ወደዚህ ችሎት ልጥራ። እርሳቸውም ቤተ ክርስቲያን ሐምሌ 26 ቀን የምታከብራቸው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፥ በቀድሞ ስማቸው ፍሬምናጦስ ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉትን ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መጻፌን አንባቢ ይገንዘብልኝ።)

የመጀመሪያው ምስክር ሩፊኖስ የተባለ የኢጣልያ ሰው ነው። በ402 ገደማ በጻፈው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ የሚነግረን፥ ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የሚባሉ ሁለት ልጆች ይዞ በባሕር ሲጓዝ የመርከቡ ሰዎች ወደብ ላይ መገደላቸውን፥ ልጆቹ ግን ተርፈው ወደ ንጉሡ መወሰዳቸውን ነው። ኤዴስዮስ የንጉሡ መጠጥ አሳላፊ፥ ፍሬምናጦስ ደግሞ ጸሐፊና ሒሳብ ጠባቂ ሆኑ። ንጉሡ ሲሞት ልጁ ገና ሕፃን ነበርና ንግሥቲቱ መንግሥቱን በማስተዳደር እንዲረዷት ለመነቻቸው። በኋላም ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ወርደው በሊቀ ጳጳሱ በአትናቴዎስ እጅ ጳጳስ ሆነው ተመለሱ። ይህን ታሪክ የማያውቅ ተማሪ የለም። ብዙዎቻችን የማናውቀው ግን ሩፊኖስ ከማን እንደ ሰማው ነው። እርሱ «ከሰው» አላለም፤ በጢሮስ ቄስ ሆኖ ይኖር ከነበረው ከኤዴስዮስ ከራሱ አፍ መስማቱን ይናገራል። በአያቴ ፍርድ ቤት ይህ ሰው ይቀጥላል።

ከእርሱ በኋላ ሶቅራጥስ፥ ሶዞሜኖስና ቴዎዶሪጦስ የተባሉ ሦስት የታሪክ ጸሐፊዎች ይኸንኑ ጽፈዋል። አንዳንድ ጓደኞቻችን እነዚህን ሁሉ ደርድረው «አራት መጽሐፍ መሰከረ» ሲሉ እሰማለሁ። ነገር ግን ሦስቱ ታሪኩን ያገኙት ከሩፊኖስ ስለ ሆነ ምስክሩ አንድ ነው፤ አፉ ብቻ አራት ሆነ። ሩፊኖስ ራሱም ቢሆን ጕድለት አለበት፤ አገሩን «ህንድ» ይላል፤ የንጉሡንም ስም አይጠራም። ተጠራጣሪው ወገን «እንግዲያስ ይህ አክሱም መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ሊናቅ አይገባም።

መልሱ የመጣው ካልተጠበቀ ሰው ነው። በ356 ገደማ የሮማው ቄሣር ቈስጠንጢዮስ ለአክሱም ገዢዎች ለአይዛናስና ለሳዛናስ ደብዳቤ ጻፈ። ቄሣሩ ለአርዮስ ወገን ያደላ ስለ ነበር አትናቴዎስን ከመንበሩ አሳድዶ ነበር። በደብዳቤውም በአትናቴዎስ የተሾመው ፍሬምናጦስ ወደ ግብጽ ተመልሶ፥ በአትናቴዎስ ምትክ በተቀመጠው በጊዮርጊስ ፊት ይመርመር ብሎ ያዛል። ደብዳቤው እስከ ዛሬ የቈየልን አትናቴዎስ ራሱን ለመከላከል በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ገለበጠው ነው። አንባብያን ሆይ፤ ከምስክር ሁሉ የሚበልጠው ጠላት ሳያስበው የሚሰጠው ምስክርነት ነው። ቄሣሩ የፍሬምናጦስን ገድል ለማስዋብ አልጻፈም፤ ሊያስወርዳቸው ጻፈ። በዚያውም ፍሬምናጦስ በሕይወት እንዳሉ፥ ጳጳስ እንደ ሆኑ፥ ያሉትም በአክሱም እንደ ሆነ መሰከረላቸው።

ቀጥሎ የሚመጣው ድንጋዩ ነው። ንጉሥ ኢዛና በቤጃዎች ላይ ስላደረገው ዘመቻ በአክሱም ያስቀረጸው ጽሑፍ በግሪክ፥ በግእዝና በሳባ ፊደል ነው። በዚያ ድንጋይ ላይ ኢዛና ወደ ጦርነቱ የላካቸው ወንድሞቹ ስም ተጽፎአል፤ አንደኛው ሳይዛና ነው። ከእስክንድርያ የመጣው ወረቀትና በአክሱም የቆመው ድንጋይ ሳይተዋወቁ ሁለቱን ወንድማማቾች በስም ጠሩ! እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን ዘግቼ ጥቂት ዝም ብዬ ተቀመጥሁ።

በዚያ ድንጋይ ላይ ኢዛና ገና የማሕረም ልጅ ነኝ ይላል፤ ማሕረም የጥንት አክሱማውያን የጦርነት አምላክ ነበር። በኋላ ስለ ኖባ ዘመቻ ባስጻፈው የግእዝ ጽሑፍ ግን ማሕረም የለም፤ ድሉን የሰጠው የሰማይ ጌታ ሆነ። ተጠራጣሪዎች «የሰማይ ጌታ ማንም ሊሆን ይችላል፤ ክርስቶስን አልጠራም» ይሉ ነበር፤ ንግግራቸውም መሠረት ነበረው። ነገር ግን በ1970 የታተመው ሌላ የኢዛና የግሪክ ጽሑፍ አብን፥ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን በስም ይጠራል። ገንዘቡም ይህንኑ ይናገራል፤ በኢዛና የመጀመሪያ ሳንቲሞች ላይ ጨረቃና ክብ ነበሩ፤ በኋለኞቹ ላይ መስቀል ገባ። በዓለም መስቀልን በገንዘባቸው ላይ ካተሙት ቀዳሚ ነገሥታት አንዱ እርሱ ነው። ሳንቲም ደግሞ በኋላ ዘመን መነኵሴ አይደርሰውም።

እንግዲህ «ሁሉም ተረት ነው» ለሚሉት ጓደኞቼ መልሴ ይህ ነው። ወዳጅ መሰከረ፤ ጠላት መሰከረ፤ ድንጋይና ብር መሰከሩ። በ4ኛው መቶ ዓመት ከነበሩት ጳጳሳት መካከል እንዲህ ያለ የምስክር ሰልፍ ያላቸው ብዙ አይመስሉኝም። ይህ ሁሉ የተገኘው ግን አንድ ሰው «ከማን ሰማህ?» ብሎ ስለ ጠየቀ ነው። «አትጠይቁ» የሚለው ወገን ቢሰማ ኖሮ አባ ሰላማን ዛሬም የሚያስመሰክርላቸው ባልነበረ።

ስለ አገር ስም ካነሣሁ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ፊልጶስ ያጠመቀው የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ አለ። ህንደኬ ግን የአንዲት ሴት ስም ሳይሆን በዛሬዋ ሱዳን የነበረው የሜሮኤ መንግሥት ንግሥቶች ማዕርግ ነው፤ በዚያ ዘመንም ግሪኮች «ኢትዮጵያ» የሚሉት ከግብጽ በስተ ደቡብ ያለውን የጥቍር ሕዝብ ምድር ነበር። ስለዚህ የሉቃስ «ኢትዮጵያ» ሜሮኤ ስትሆን፥ የሩፊኖስ «ህንድ» ደግሞ እኛ ሆንን። ነገሩ ያስቃል፤ ቢሆንም የመጽሐፍን ቃል ከዘመኑ ካርታ ጋራ ሳያስተያዩ ማንበብ ምን ያህል እንደሚያሳስት ያሳያል። ስሙን በይፋ ለአገራችን ካዋሉት ቀዳሚ ማስረጃዎች አንዱ ያው የኢዛና ድንጋይ ነው፤ በሌላው ቋንቋ «ሐበሻት» ያለውን በግሪኩ «ኢትዮጵያውያን» ብሎታል።

ሊቃውንትም ቢሆኑ ሁልጊዜ ከትውፊት አይበልጡም። ከዐድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም ሁለት ጥንታዊ የብራና ወንጌሎች አሉ። ትውፊት አባ ገሪማ ወንጌሉን በአንድ ቀን ጽፈው እስኪጨርሱ ፀሐይ ቆመችላቸው ይላል። የውጭ አገር ተመራማሪዎች ደግሞ መጻሕፍቱን ከ11ኛው መቶ ዓመት ወዲህ የተጻፉ ያደርጓቸው ነበር። በኋላ ከብራናው ቅንጣት ተወስዶ በካርቦን ሲመረመር አንደኛው ከ390 እስከ 570፥ ሌላው ከ530 እስከ 660 ባለው ጊዜ ውስጥ የሚወድቅ ሆኖ ተገኘ። ይህም አባ ገሪማ ነበሩበት ለሚባለው ዘመን የቀረበ ነው። በዘመን ረገድ መነኰሳቱ ከፕሮፌሰሮቹ ይልቅ ለእውነት ቀርበው ተገኙ። ነገር ግን እዚህም ላይ ልንጠነቀቅ ይገባል። ካርቦን የሚነግረን ቆዳው የተገፈፈበትን ዘመን ነው፤ የማን እጅ እንደ ጻፈበት አይነግረንም። ስለ ፀሐይዋም ዝም ይላል። «ምርመራው ተአምሩን አረጋገጠ» ብሎ የሚያጨበጭብ ሰው ምርመራው ያላለውን እያስባለው ነው።

ጓደኞቻችን ክርክሩን ከአገራችን አውጥተው «ስለ ጌታችን ስለ ራሱስ ከወንጌል ውጭ ማን ጻፈ?» ይላሉ። በአጭሩ፥ ክርስቲያን ያልሆነው ሮማዊው ታኪጦስ በ116 ገደማ ክርስቶስ በጴንጤናዊው ጲላጦስ ዘመን መገደሉን ጽፎአል። አይሁዳዊው ዮሴፍም ከእርሱ ቀደም ብሎ በ90ዎቹ አንሥቶታል፤ ነገር ግን ከሁለቱ ቦታዎች በአንደኛው ላይ የኋላ ክርስቲያን እጅ ቃል እንደ ጨመረበት አብዛኞቹ ሊቃውንት ይስማማሉ። ያ የጨመረው ሰው ሃይማኖቱን የረዳ መስሎት ነበር፤ ያደረገው ግን ጥሩውን ምስክር ለጥርጣሬ ማጋለጥ ነው። የጲላጦስ ስም የተቀረጸበት ድንጋይም በቂሣርያ በ1961 ተገኝቷል።

በዚህ በኩል የእኛ አገር ተቀባይ ብቻ ሳትሆን ለዓለምም ምስክር ናት። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው በግእዝ ብቻ ነው የቈየው። ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን በ1773 ወደ አውሮፓ እስኪወስድ ድረስ አውሮፓውያን መጽሐፉን የሚያውቁት በቍርጥራጩ ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት ደግሞ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ የዚሁ መጽሐፍ የአራማይስጥ ብጥስጣሽ ተገኝቶ ከክርስትና በፊት የነበረ መሆኑን አሳየ። ሌላው የጣለውን አባቶቻችን ጠብቀውታል።

ያ ሙስሊም ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ሰምቶ «እናንተስ ድንጋይ አላችሁ፤ የእኛ ነጃሺስ?» አለኝ። በ615 የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ወደ አክሱም መሰደዳቸውን በስፋት የምናነበው በ767 ገደማ ከሞተው ከኢብን ኢስሐቅ ነው። ዓረቦቹ ንጉሡን አስሐማ ይሉታል፤ በአክሱም ሳንቲም ላይ የሚገኘው ግን አርማሕ የሚል ስም ነው፤ አንድ ናቸው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። «እንግዲህ የአንተም የእኔም ንጉሥ ስሙ ከሳንቲሙ ጋራ አልገጠመም» ብዬው ሁለታችንም ሣቅን። ስለ ሃይማኖት ታሪክ ተነጋግሮ ሳይጣሉ መለያየት እንደሚቻል ያየሁት በዚያን ቀን ነው፤ ምክንያቱም የተነጋገርነው ስለ ማስረጃው እንጂ ስለ ማንነታችን አልነበረም።

ስለ ግሸን ማርያም ሌላ ጊዜ እጽፍ ይሆናል፤ አርእስቱ ሰፊ ነው። ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ ከደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነውና። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1280 ወይም በ1281 ለዚያ ገዳም ያጻፉት የአራቱ ወንጌላት መጽሐፍ የእርሳቸውንም ሥዕል ይዟል፤ ያረፉት በ1292 ስለ ሆነ መጽሐፉ በሕይወታቸው ሳሉ የተሠራ ነው። ገድላቸው ግን የተጻፈው ካረፉ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ይኵኖ አምላክ በ1270 ሲነግሥ የረዱት ማን ናቸው በሚለው ነገር የሐይቅ መጻሕፍት ኢየሱስ ሞዐን፥ የደብረ ሊባኖስ መጻሕፍት ደግሞ ተክለ ሃይማኖትን ይላሉ፤ ሁሉም ለአባቱ ይመሰክራል። ወንጌሉ ዐየሁ ባይ ነው፤ ገድሉ ሰማሁ ባይ። ሰማሁ ባይ ይባረር አላልሁም፤ ከዐየሁ ባይ በኋላ ይናገር እንጂ።

ያ ወንጌል በ1970ዎቹ በማይክሮፊልም ተነሥቶ፥ ቍጥር 1832 ተሰጥቶት፥ ቅጂው በአሜሪካ በሚኒሶታ ይገኛል። የሚኒሶታ ተማሪ ሊያየው የሚችለውን መጽሐፍ የደሴ ተማሪ አላየውም። ሴቶች ወደ ገዳሙ ስለማይገቡ ለእኅቶቻችንማ ፎቶግራፉ ብቸኛው መንገድ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤታችን የጥቂት ገጾቹን ሥዕል አስመጥቶ በቤተ መጻሕፍት ቢያኖርልን፥ በታሪክ ክፍለ ጊዜም «ኢዛና ክርስትናን ተቀበለ» የሚለውን አንድ መስመር ከምናጠና የድንጋዩን ትርጕም ራሱን ብናነብ፥ ለሚፈልጉም በሳምንት አንድ ሰዓት ግእዝ ብንማር እላለሁ። መምህር ለማግኘት ሩቅ አይኬድም፤ ደሴ በየደብሩ ሊቅ ያለባት ከተማ ናት።

ሆን ብዬ ያቈየሁት አንድ ነገር ቀርቷል፤ እርሱም የነገሥታቱ ስም ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ክርስትናን የተቀበሉት ወንድማማች ነገሥታት አብርሃና አጽብሓ ናቸው ብላ ጥቅምት 4 ቀን ታስባቸዋለች። ድንጋዩና የቄሣሩ ደብዳቤ ግን ኢዛናና ሳይዛና ይላሉ። በዚያ ዘመን በታተመ ሳንቲም ወይም በተቀረጸ ድንጋይ ላይ አብርሃና አጽብሓ የሚሉ ስሞች እስካሁን አልታዩም። አንዳንዶች «የንግሥና ስማቸው ነው» ይላሉ፤ ይህም ሊሆን የሚችል ነው፤ በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ዐፄ ካሌብም እለ አጽብሓ ይባል ነበርና። ሌሎች ደግሞ ይህንኑ ይዘው፥ በ525 ገደማ ወደ የመን የዘመተው ካሌብ እለ አጽብሓና ከዚያ በኋላ በየመን ነግሦ በማሪብ ግድብ በ548 ገደማ ጽሑፍ ያስቀረጸው አብርሃ በሕዝብ ትዝታ ወደ ኋላ ተስበው ከኢዛና ዘመን ጋራ ተቀላቀሉ ይላሉ። ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ። ቢሆንም አንድ ነገር ያስገርመኛል፤ ትውፊት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው ማለቱን ከየት አገኘው? ስሙ ቢለዋወጥ እንኳ ወንድማማችነቱ ከደብዳቤውና ከድንጋዩ ጋራ ይገጥማል።

ነገሩን የሚቈርጠው አራቱንም ስሞች የያዘ አንድ ድንጋይ ነው። አክሱም ደግሞ ገና ያልተቈፈረ ብዙ መሬት አለባት፤ በሦስት ዐይነት ጽሑፍ የተቀረጸ ሌላ የኢዛና ድንጋይ በ1980ዎቹ ያገኙት ገበሬዎች ናቸው። እስከዚያው ድረስ በፈተና ወረቀቴ ላይ «ኢዛና» ብዬ እጽፋለሁ፤ ጥቅምት 4 ቀንም ከእናቴ ጋራ ቤተ ክርስቲያን መሳሜን አልተውም።